የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እና የሚዛን ልምምድ፦ በባሕር ዳር እና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በዕድሜ በገፉ ወገኖቻችን ዘንድ ከሚዘወተሩ የጤና ችግሮች አንዱ የጉልበት ሕመም ነው። ኅብረተሰቡ ችግሩን አብዛኛውን ጊዜ «ቁርጥማት ነው» ወይም «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕመሙን ለማስታገስም የሕመም ማስታገሻ መዋጥ፣ ቅባት መቀባት ወይም ከእንቅስቃሴ ታቅቦ መቀመጥ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ከሕመሙ ባሻገር ብዙም የማይነገርለት ሌላ ጉዳት አለው፤ ይኸውም የሰውነትን ሚዛን በማዛባት ለመውደቅ አደጋ ማጋለጡ ነው። አንድ ጊዜ የደረሰ ውድቀት የዳሌ አጥንት ስብራት ሊያስከትል፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ የነበሩ አባት ወይም እናትንም የሰው እጅ ጠባቂ ሊያደርግ ይችላል።

መልካሙ ነገር ሚዛን በልምምድ የሚሻሻል ችሎታ መሆኑ ነው። ልምምዱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጠንካራ ወንበር፣ ግድግዳ እና በሳምንት ሦስት ቀን ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ይህ ጽሑፍ ሕመሙ ሚዛንን እንዴት እንደሚያዛባ፣ ልምምዱ እንዴት እንደሚሠራ እና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በተለይ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ካለው የአኗኗር ሁኔታ ጋር አያይዞ ያብራራል።

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ምንድን ነው?

ጉልበት የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንት እና የሎሚ አጥንት የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። የአጥንቶቹ ጫፎች ልም አጥንት በተባለ ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን የተሸፈኑ ስለሆኑ ያለ ፍትጊያ ይንቀሳቀሳሉ። በኦስቲዮአርትራይተስ ጊዜ ይህ ሽፋን ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ቅርጹን ይለውጣል፤ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፤ በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎችም ይደክማሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከኦስቲዮአርትራይተስ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ 73 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ሲሆን፣ 60 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። በሕመሙ በብዛት የሚጠቃው መገጣጠሚያም ጉልበት ሲሆን፣ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር 365 ሚሊዮን ይደርሳል።

ዋና ዋና ምልክቶቹ ሲራመዱና ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲወርዱ የሚሰማ ሕመም፣ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ወይም ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሲነሱ ለጥቂት ደቂቃዎች የሚቆይ መገተር፣ እብጠት እና ጉልበት ሲታጠፍ የሚሰማ የመንቋቋት ድምፅ ናቸው። ዕድሜ፣ ከመጠን ያለፈ የሰውነት ክብደት፣ ቀደም ሲል በጉልበት ላይ የደረሰ ጉዳት እንዲሁም ለዓመታት በመንበርከክና ከባድ ሸክም በመሸከም የሚሠራ ሥራ ለሕመሙ ያጋልጣሉ።

ሕመሙ ሚዛንን የሚያዛባው እንዴት ነው?

ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው ከሦስት አቅጣጫዎች በሚያገኘው መረጃ ነው። የመጀመሪያው ከዓይን፣ ሁለተኛው ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል፣ ሦስተኛው ደግሞ በመገጣጠሚያዎች፣ በጅማቶችና በጡንቻዎች ውስጥ ከሚገኙ ስሜት ተቀባይ ነርቮች የሚመጣ ነው። እነዚህ ነርቮች ዓይናችንን ብንጨፍን እንኳ እግራችን ታጥፎ ወይም ተዘርግቶ እንደሆነ እንድናውቅ ያደርጉናል።

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሚዛንን የሚያዛባው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ከመገጣጠሚያው ወደ አእምሮ የሚሄደው መረጃ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሕመሙና እብጠቱ ከፊት ለፊት ያለው ትልቁ የጭን ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ እንዳይሠራ ያግዱታል። ስለሆነም ሰውየው ሲደናቀፍ ጡንቻው ፈጥኖ ሊደግፈው አይችልም። ሕሙማን «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚሉት ይህንን ሁኔታ ነው። አነጋገሩ የተለመደ ቢሆንም እንደ ተራ ንግግር ሊታለፍ አይገባም፤ ለጤና ባለሙያ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ምልክት ነው።

ከጉልበት የሚመጣው መረጃ ሲዳከም ሰውነት ይበልጥ በዓይን ላይ ይመካል። በዚህም ምክንያት በቀን ብርሃን ያለችግር የሚራመዱ ሰው በጨለማ ሊወድቁ ይችላሉ። በተጨማሪም ሕመምን ወይም ውድቀትን በመፍራት ከእንቅስቃሴ መራቅ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻ ሲሟሽሽ ሚዛን ይበልጥ ይዛባል፤ ሚዛን ሲዛባም ፍርሃቱ ይጨምራል። የሚዛን ልምምድ ዓላማ ይህንን ተደጋጋሚ ዑደት ማቋረጥ ነው።

በጣና ዳርቻ ልዩ ትኩረት የሚሹ ሁኔታዎች

የባሕር ዳር ከተማ አቀማመጥ በአብዛኛው ሜዳማ በመሆኑ ለእግር ጉዞ ምቹ ነው። ሆኖም በከተማዋና በሐይቁ ዙሪያ የዕለት ተዕለት ኑሮ ሚዛንን አጥብቀው የሚፈትኑ በርካታ ሁኔታዎች አሉት።

ጀልባና ታንኳ፦ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ለመሄድ ከሚወዛወዝ ጀልባ ላይ መውጣትና መውረድ ግድ ነው። በዚህ ጊዜ ለአፍታም ቢሆን የሰውነት ክብደት ሙሉ በሙሉ በአንድ እግር ላይ ያርፋል። ከዘጌ የጀልባ ማረፊያ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው በቡና ዛፎች መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድም ሽቅብ የሚወጣ በመሆኑ፣ በተለይ በመመለሻው ቁልቁል ሲወርዱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የአምልኮ ሥርዓት፦ በቅዳሴና በማኅሌት ለረጅም ሰዓታት መቆም፣ መስገድ፣ እንዲሁም በሶላት ጊዜ መንበርከክና መነሣት ጉልበትን ያደክማሉ። ሌሊት ወይም ማለዳ ገና ሳይነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚደረግ ጉዞ ደግሞ ከላይ በተገለጸው ምክንያት የመውደቅ ሥጋትን ይጨምራል።

የግብርና ሥራ፦ በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ውስጥ ውኃ በቋጠረ ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብሎ ወይም ጎንበስ ብሎ ማረም እግርን ከጭቃ እየመነጨቁ መራመድን ይጠይቃል። ይህ ሥራ በሚበረታበት የክረምት ወቅት መንገዱም የሚያንሸራትት ይሆናል።

የቤት ውስጥ ሁኔታ፦ ዝቅተኛ በርጩማ፣ ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት፣ ከፍ ያለ ደፍ እና በበዓል ወይም በቡና ሰዓት ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ እርጥብ ቄጠማ የጉልበት ሕመም ላለበት ሰው አደጋ ሊሆኑ ይችላሉ።

የዚህ መረጃ ዓላማ ወገኖች ከእነዚህ ተግባራት እንዲርቁ ማድረግ አይደለም። ከቤተ እምነት፣ ከዕድርና ከማኅበር መቅረት ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ዓላማው እነዚህን ተግባራት ሳያቋርጡ ለመቀጠል የሚያስችል ጥንካሬና ሚዛን እንዲያዳብሩ ማገዝ ነው።

የሚዛን ልምምድ ያለው ጥቅም

የሚዛን ልምምድ የተሳሳውን ልም አጥንት መልሶ አያበቅልም። የሚሠራው በነርቭና በጡንቻ ላይ ነው፤ አእምሮ ከእግር የሚመጣውን መረጃ በፍጥነት እንዲጠቀም፣ ጡንቻዎችም በወቅቱ እንዲደግፉ ያደርጋል። ሕፃን ልጅ «ወፌ ቆመች» እየተባለ ደጋግሞ በመሞከር መቆምን እንደሚማር ሁሉ፣ አዋቂ ሰውም በየደረጃው በመለማመድ የተዳከመ ሚዛኑን ማሻሻል ይችላል። ከጡንቻ ማጠንከሪያ ጋር ተጣምሮ ሲሠራ የጉልበት ሕመምን ለመቀነስና የመንቀሳቀስ አቅምን ለማሻሻል ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኮክሬን በተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋም የታተመ ግምገማ በ25 አገሮች የተካሄዱና ከ23 ሺህ በላይ አረጋውያን የተሳተፉባቸውን 108 ጥናቶች መርምሯል። በግምገማው መሠረት በሚዛን እና በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ላይ ያተኮረ ልምምድ የመውደቅን መጠን በ24 በመቶ ይቀንሳል። ይህ አኃዝ በጠቅላላው አረጋውያንን የሚመለከት እንጂ የጉልበት ሕመም ያለባቸውን ብቻ ለይቶ የሚመለከት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

ልምምዱን ከመጀመር በፊት

የሚከተሉት ሁኔታዎች ያሉባቸው ሰዎች በቅድሚያ የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል፦

• ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የወደቁ ወይም ጉልበታቸው ደጋግሞ የሚከዳቸው፤
• ሲነሱ የሚያዞራቸው ወይም ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ፤
• የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም በስኳር ሕመም ምክንያት የእግር መደንዘዝ ያለባቸው፤
• በቅርቡ ስብራት የደረሰባቸው ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው።

ልምምዱ የሚሠራው ደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ፣ በብርሃን፣ የማያንሸራትት ጫማ ተጫምቶ ነው። ነጠላ ጫማና ሶሉ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ ለልምምድ አይመከሩም። ከፊት ለፊት የማይንቀሳቀስ ጠንካራ ወንበር ወይም ጠረጴዛ፣ ከጀርባ ደግሞ ግድግዳ ቢኖር ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቤተሰብ አባል አጠገብ ሊቆም ይገባል።

ሚዛንን የመፈተሻ ቀላል ዘዴ

የሚከተሉት አራት የአቋቋም ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ለ10 ሰከንድ ይሞከራሉ። በፈተናው ጊዜ ሰው አጠገብ መኖር አለበት።

1. ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አጋጥሞ መቆም፤
2. የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ጎን አድርጎ መቆም፤
3. የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣቶች ፊት አጋጥሞ በአንድ መስመር መቆም፤
4. በአንድ እግር መቆም።

ሦስተኛውን አቋቋም ሳይደገፉ ለ10 ሰከንድ መጠበቅ ያልቻሉ አረጋዊ ለመውደቅ ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ ያለ በመሆኑ ልምምዱን በባለሙያ ክትትል ቢጀምሩ ይመረጣል።

ዋና ዋና ልምምዶች

ለ5 ደቂቃ ያህል በቀስታ በመራመድ ሰውነትን ካሟሟቁ በኋላ የሚከተሉት ይሠራሉ፦

1. እግርን መዘርጋት፦ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ በመቀመጥ አንዱን እግር ወደፊት ዘርግቶ ለ5 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያም በቀስታ መመለስ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ ይደጋገማል። ይህ የፊተኛውን የጭን ጡንቻ ያጠነክራል።

2. ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፦ እግሮችን በትከሻ ስፋት አድርጎ፣ ወደፊት ጎንበስ ብሎ መነሣትና በቀስታ መቀመጥ። 8 እስከ 10 ጊዜ ይደጋገማል። መጀመሪያ በእጅ መደገፍ ይቻላል። በርጩማ ለዚህ ልምምድ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ።

3. ክብደትን ማዘዋወር፦ ወንበር ይዞ በመቆም የሰውነትን ክብደት በቀስታ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ እግር ማሳረፍ። በእያንዳንዱ ጎን ለ5 ሰከንድ ቆይቶ 10 ጊዜ ይደጋገማል።

4. በተረከዝና በጣት መነሣት፦ ወንበር እንደያዙ ተረከዝን ማንሣት፣ ከዚያም ተረከዝን መሬት አስነክቶ የእግርን ጣቶች ማንሣት። እያንዳንዱ 10 ጊዜ ይሠራል።

5. ወደ ጎን መራመድ፦ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እጆችን ግድግዳው ላይ በማድረግ 10 እርምጃ ወደ ቀኝ፣ 10 እርምጃ ወደ ግራ መሄድ። በጉልበት ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር ከጎን በኩል ያጠናክራል።

6. በአንድ መስመር መቆምና መራመድ፦ ከላይ በተገለጹት የአቋቋም ደረጃዎች በቅደም ተከተል መለማመድ፤ ሲጠነክሩም ግድግዳ እየነኩ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ 10 እርምጃ መራመድ።

7. ዝቅተኛ ደረጃ መውጣትና መውረድ፦ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነና የማይነቃነቅ ደረጃ ላይ፣ ድጋፍ ይዞ አንድ እግር መውጣትና መመለስ። 8 ጊዜ በእያንዳንዱ እግር ይሠራል። ይህ ልምምድ ጀልባ ላይ ለመውጣትና ደፍ ለመሻገር በቀጥታ ይጠቅማል።

ልምምዱ የሚከብደው በደረጃ ነው። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ብቻ፣ በመጨረሻም እጅን ወደ ወንበሩ አስጠግቶ ሳይነኩ ይሠራል። ዓይንን ጨፍኖ መለማመድ ያለ ባለሙያ ክትትል አይመከርም።

መጠኑ እና የሕመም መለኪያው

ልምምዱ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሠራል። የሚታይ ለውጥ ለማግኘት ከ8 እስከ 12 ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል፤ ሲቋረጥ ጥቅሙ ስለሚቀንስ የኑሮ ልማድ ሊሆን ይገባል።

በልምምድ ጊዜ መጠነኛ ሕመም መሰማቱ ጉልበት እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ከ5 ካልበለጠና በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ከተመለሰ ልምምዱ ተስማሚ ነው። ከዚህ ከበለጠ ወይም ጉልበት ካበጠ፣ ድግግሞሹን መቀነስ እንጂ ሙሉ በሙሉ ማቆም አያስፈልግም።

በባሕር ዳር የተለመደው ብስክሌት መንዳት ጡንቻን ለማጠንከር ጠቃሚ ሲሆን፣ ጉልበት በጣም እንዳይታጠፍ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ ይመከራል። ሆኖም ብስክሌት የመቆምንና የመራመድን ሚዛን አይተካም፤ ሚዛናቸው የተዛባ ሰዎችም እንደ አዲስ ሊጀምሩት አይገባም።

በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

• ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ሲያንጠለጥሉ የምርኩዙ እጀታ ከእጅ አንጓ ጋር እኩል ሊሆን ይገባል። ጫፉ ጎማ ቢኖረው አያንሸራትትም። መቋሚያ ቆሞ ለመደገፍ የተሠራ ስለሆነ ቁመቱ ለመራመጃ ከሚመከረው ይረዝማል።
• ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር፣ ሲወርዱ ደግሞ የታመመው እግር ይቅደም።
• ጀልባ ላይ ሲወጡ ዕቃ ለሌላ ሰው ያቀብሉ፤ የረዳቱን እጅ ይያዙ፤ ወደ ጀልባው መሐል ረግጠው ወዲያውኑ ይቀመጡ።
• ሌሊት ሲንቀሳቀሱ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ይጠቀሙ።
• በአምልኮ ጊዜ ሕመም ሲበረታ በየመሐሉ መቀመጥ ወይም መደገፍ ተገቢ ነው። ስለ ስግደት የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት መምህርን ማማከር ይቻላል።
• በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ጠንካራ መያዣ መትከል፣ ቢቻል ከፍ ያለ መቀመጫ ማዘጋጀት፣ ቄጠማም አረጋውያን ከሚመላለሱበት መተላለፊያ ማራቅ ያስፈልጋል።
• ክብደት መቀነስ ጉልበትን በእጅጉ ያሳርፋል። ጥናቶች እንዳመለከቱት ከሰውነት ክብደት 1 ኪሎ ግራም ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ

እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መውሰድ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ሊያስከትል፣ የደም ግፊትንም ሊጨምር ይችላል። ለዚህ በይበልጥ የሚጋለጡት ደግሞ የጉልበት ሕመም የሚበዛባቸው አረጋውያን ናቸው። መድኃኒቱ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሥ እንጂ የደከመውን ጡንቻ አያጠነክርም፤ ሚዛንንም አይመልስም።

በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ጉልበት ድንገት አብጦ ሲቀላና ሲያተኩስ፣ በተለይም ትኩሳት ካለ፤ ከወደቁ በኋላ እግርን መርገጥ ሲያቅት፤ ጉልበት ተቆልፎ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ሲል፤ ባት አብጦ ሲያም፤ እንዲሁም በአንድ ወገን የሰውነት ክፍል ላይ ድንገተኛ ድካም ሲከሰት ያለመዘግየት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ከውድቀት በኋላ ስብራት ከተጠረጠረ በወገሻ ማሳሸት ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል በቅድሚያ የራጅ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱ የሚገኝበት ሁኔታ

የመጀመሪያው መነሻ በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባላት ወደ ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ሊይዙ ይገባል። በባሕር ዳር ከተማ የፈለገ ሕይወት እና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች በሪፈራል የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላሉ። በክልሉ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ለባለሙያው «ጉልበቴን ያመኛል» ከማለት ባሻገር፣ ስንት ጊዜ እንደወደቁ፣ ጉልበትዎ የት ቦታና ምን ሲሠሩ እንደሚከዳዎ እንዲሁም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች መናገር ትክክለኛ ርዳታ ለማግኘት ያግዛል።

ማጠቃለያ

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የሚታገሡት የዕድሜ ዕዳ ብቻ አይደለም፤ መውደቅም የእርጅና ዕጣ አይደለም። ሁለቱም ሊቀንሱ የሚችሉ የጤና ችግሮች ናቸው። ቤተሰብ አረጋውያንን «አይነሡ፣ እኛ እናመጣለን» እያለ ከማስቀመጥ ይልቅ አጠገባቸው ቆሞ ቢያለማምዳቸው የበለጠ ይጠቅማቸዋል። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን የሚከበረው የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን እ.ኤ.አ. በ2022 ኦስቲዮአርትራይተስን፣ በ2025 ደግሞ ጤናማ እርጅናንና ውድቀትን መከላከልን መሪ ጉዳዩ ማድረጉ የችግሩን ክብደት ያመለክታል። ስለሆነም የጉልበት ሕመም ያለባችሁ ወገኖች ራሳችሁን ፈትሻችሁ፣ አስፈላጊውን ምክር አግኝታችሁ፣ ልምምዱን ዛሬውኑ ከወንበር በመነሣት እንድትጀምሩ ይመከራል።